ከስድስት ሁለት

ጥቅምት 12 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ዓይንዎስ? ብርሃኑን ያቆይልዎት፤ የእኔን ጽሕፈት ለማንበብ ያስፈልግዎታልና። እኔ በጤናዬ አልታማም፤ ሥራውም ይገፋል። ስልክ ደውዬ እንዳልጠይቅዎ አንደኛ አይሰሙኝም፤ ሁለተኛ «ሒሳብ በወሬ አይሠራም» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ።

የምሠራው ጨርቅ ማቅለሚያ ቤት መሆኑን ያውቃሉ። በክፍላችን ስድስት ሴቶች ነን፤ የምናድረውም አብረን ነው። ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደግሞ ግድግዳ። ከእኔ በላይ የምትተኛው ቀውላላዋ ናት፤ እግሯ ከአልጋው ስለሚያልፍ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ተረከዟን ነው። ሁለት እህትማማቾች አሉ፤ ታላቂቱ የጀመረችውን ነገር ታናሺቱ ትጨርሰዋለች። አንዲት ሳቂታ አለች፤ ሲቆጧትም ትስቃለች። ስድስተኛዋን ዝምተኛዋ እንላታለን። ካቦው ግን «አንቺ» ብቻ ነው የሚላት፤ እሷም ለምዳዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመካከላችን ሁለት ሴቶች ተመርጠው ትልቁን የቀለም ታንከር ያጥባሉ። የሚመርጠው ካቦው ነው። እምቢ ስለማትል ሁልጊዜ ዝምተኛዋን ይጠራል፤ ከእሷ ጋር ደስ ያለውን ይጨምራል። ባለፈው ቅዳሜ ቀውላላዋ ተነሥታ «እጅ ያላት ይቺ ልጅ ብቻ ናት እንዴ?» አለችው። «እንግዲያው ማንም የማታለቅስበት ተራ አውጥታችሁ አምጡልኝ፤ እሱን እከተላለሁ» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አክስቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበርና።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ስድስታችን ሁለት ሁለት እየሆንን ብንመደብ፣ እያንዳንዷም ከእያንዳንዷ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ቢደርሳት፣ ተራው ስንት ቅዳሜ ይፈጃል? እኔ ብቆጥር ሠላሳ መጣልኝ። ሳቂታዋ አሥራ አንድ አለች። እህትማማቾቹ ደግሞ ሲቆጥሩ ተጣልተው ተዉት።

ዕድሜ ይስጥልኝ። አጠገብዎ ያለችውን እናቴን ይሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 3 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ካለሽበት ሰላም ይድረስሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ጉልበቴ እንደ ሰነበተው ነው። ዓይኔ ግን ጽሕፈትሽን ለማንበብ ይበቃል፤ ለማረምም። ደብዳቤሽን በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። በአንድ ገጽ ላይ አራት ቦታ ነጥብ ረስተሻል። ሰው አገሩን ቢለቅ ነጥቡን አይለቅም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማናቸውንም ቁጥር ከመንካትሽ በፊት «ከስንት?» ብለሽ ጠይቂ። የሚመረጡት ስንት እንደሆኑ ቆይቶ ይደረስበታል፤ መጀመሪያ የሚታወቀው ከስንት እንደሚመረጡ ነው። ይህን ያልጠየቀ ተማሪ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ጭረት ነው። አንቺ ከስድስት ብለሽ ጀምረሻል፤ መልካም።

ሠላሳ ያገኘሽው እንዲህ አስበሽ ነው። የመጀመሪያዋን ለመጥራት ስድስት ዕድል አለ፤ እሷ ከወጣች በኋላ ለሁለተኛዋ አምስት ይቀራል፤ ስድስት በአምስት ሠላሳ። እስከዚህ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ነገር ግን «እኔና ዝምተኛዋ» ብለሽ አንድ ጊዜ፣ «ዝምተኛዋና እኔ» ብለሽ ሌላ ጊዜ፣ አንዱን ጥንድ ሁለቴ ቆጥረሻል። ሁለት ሰው ለአንድ ሥራ ሲመረጥ ማን ቀደመች፣ ማን ተከተለች ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሠላሳው ለሁለት ይካፈላል፤ አሥራ አምስት ቅዳሜ ነው። ካላመንሽኝ ዘርዝሪው፤ አንቺ ከአምስቱ ጋር አምስት፣ ቀጣይዋ ካንቺ ሌላ ካሉት ጋር አራት፣ ከዚያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ደምሪው። የሳቂታዋ አሥራ አንድ ከየት እንደመጣ ልደርስበት አልቻልኩም፤ ሠርታ ትላክልኝ።

ትምህርቱ ጎዶሎ እንዳይሆን ልጨምር። ከስድስት ሦስት መምረጥ በሃያ መንገድ ይቻላል። ስድስቱንም መምረጥ በአንድ መንገድ ነው። ማንንም አለመምረጥም እንደዚሁ በአንድ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ክፍሉ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። አንቺም «ምንም አለማድረግ እንዴት መንገድ ይባላል?» ብለሽ ስቀሽ፣ እስከ ደወል ቆመሽ ተምረሻል። አሁንም መንገድ ነው።

እናትሽ ደብዳቤሽን ሳነብ አጠገቤ ተቀምጣ «ምን አለች?» አለችኝ። «ሒሳብ ነው» አልኳት። ደስ አላት። «ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ሆዱ አልጎደለም ማለት ነው» አለች።

አክስትሽ


ኅዳር 28 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎን ያብዛልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርስ ስድስታችን አንድ አልጋ ላይ ተደራርበን ሳለን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቀዩን እርማት ሲያዩ «በዚህ ዕድሜሽም ትታረሚያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ሳቂታዋን አሥራ አንዱን ሠርተሽ ላኪ ብላት «ከራሴ ነው የመጣው፤ ራሴ ደግሞ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም» ብላለች።

ማን ቀደመች፣ ማን ተከተለች ለውጥ የለውም ያሉትን ሁላችንም ወደድነው። ቀውላላዋ የሥራ ልብሳችንን የምንሰቅልበት ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጻፈችው። እዚህ ቀድማ የምትጠራ ሴት ሁልጊዜ የምትናቀዋ ናትና፣ ለውጥ የለውም የሚል ሰው መገኘቱ ደግ ነገር መሰለን።

አንድ ችግር ግን መጣ። ተራውን ልናወጣ ስንል ታላቂቱ እህት «እኔና እሷ አብረን አንግባ» አለች። ታናሺቱ ጨረሰችላት፤ «እናታችን ያላት ሁለት ብቻ ነው።»

«እኛን ደግሞ እናታችን በደርዘን ነው የወለደችን?» አለች ቀውላላዋ።

ቀውላላዋ ልብሷን ስታጣጥፍ ቆየችና ራሷ «ይሁን፤ አብረው አይግቡ» አለች።

እንግዲህ ከአሥራ አምስት አንድ ስቀንስ አሥራ አራት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ግን እህትማማቾቹ አራት አራት ጊዜ ይደርሳቸዋል፤ እኛ አራታችን አምስት አምስት ጊዜ። ይህን ስነግራቸው ጭቅጭቅ ይነሣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዝምተኛዋ አፏን ከፈተች። «አምስት ጥሩ ነው። እስከ ዛሬ ሁሉም የእኔ ነበር» አለች።

አሥራ አራቱን በተራ በተራ ቢደረድሩልኝ። ማንም ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ እንዳይደርሳት አደራ፤ ራስ ምታቱ እስኪለቅ ሳምንት ይፈልጋል።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ከደጅሽ አይራቅ። አሥራ አራት ትክክል ነው። የአራትና የአምስቱም አከፋፈል ትክክል ነው፤ አራት ሰዎች አምስት አምስት ጊዜ ሃያ፣ ሁለት ሰዎች አራት አራት ጊዜ ስምንት፣ ድምሩ ሃያ ስምንት፣ ለሁለት ሲካፈል አሥራ አራት። መልስ ካገኘሽ በኋላ ከሌላ አቅጣጫ መጥተሽ እንዲህ አጣሪው። ከሁለት በኩል የመጣ መልስ አንድ ከሆነ ያን ጊዜ ተኚ።

ተራውን በሌላ ወረቀት አውጥቼ አያይዤዋለሁ። ማንም ሁለት ቅዳሜ አትከታተልም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ስሠራው ቀኑ ሁሉ ነጎደ፤ እናትሽ ሁለቴ ለምሳ ጠርታኝ አልሰማኋትም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጥር ለሰው ሲጠቅም አላየሁም ነበር። ስድስት ሴቶች እኔ ባወጣሁት ተራ በሰላም ይሠራሉ ብዬ ሳስብ ጉልበቴ እንኳ ያመመኝ አልመሰለኝም።

አንድ እርማት ብቻ። «አብረው አይግቡ» ያልሽው «አብረው አይመደቡ» ቢባል ይሻላል። ሰው ተራ ውስጥ አይገባም፤ ይመደባል። ስለ ራስ ምታቱ፣ ውኃ ጠጪ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውኃ አትወጂም።

አክስትሽ


ጥር 26 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደኅና መሆንሽን ተስፋ አደርጋለሁ። መልስሽ ቆየብኝ። ተራው ደርሶሽ እንደሆነና ሥራ ላይ ውሎ እንደሆነ በአንድ መስመር እንኳ ብትገልጪልኝ። በስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ያለውን ጥንድ ስጽፍ ቀለሙ ፈስሶብኝ ነበር፤ እንዳትሳሳቺበት፤ አንቺና ዝምተኛዋ ናችሁ።

እናትሽ ደጅ በተንኳኳ ቁጥር ትነሣለች።

አክስትሽ


መጋቢት 9 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ።

ከአምስት ሁለት ለመምረጥ፣ አምስት በአራት ሃያ፣ ለሁለት ሲካፈል አሥር። እህትማማቾቹ ሲቀነሱ ዘጠኝ። ትክክል ከሆንኩ የዘጠኙን ተራ አውጥተው ይላኩልኝ። ካቦው በቶሎ ይፈልገዋል።

እናቴን ይሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 30 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አሥር ትክክል ነው፤ ዘጠኝም ትክክል ነው። ነጥቦችሽ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ከጻፍሽልኝ ሁሉ እርማት የማያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ከስንት? ስድስት ነበራችሁ። ስድስተኛዋ የት ሄደች? አገሯ ገብታ እንደሆነ ጻፊልኝ። ሌላ ሥራ አግኝታ እንደሆነ ጻፊልኝ። ቁጥር ዝም ብሎ አይቀንስም፤ የቀነሰው ሰው አለ።

የኅዳሩን ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። «አብረን አንግባ» ይላል። የሚገባው የት ነው? «እናታችን ያላት ሁለት ብቻ ነው» ይላል። አንድ ዕቃ ለማጠብ እናት ምን አገባት?

ይህን ሳትመልሺ ተራ አልልክም። እናትሽ «ምን አለች?» አለችኝ። «ሒሳብ ነው» አልኳት። ፊቴን አየችና ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

አክስትሽ


ግንቦት 2 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህን ሲያነቡ እናቴን ከአጠገብዎ ያርቁልኝ።

ታንከሩ ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚውጥ ነው። አፉ ከላይ ነው፤ ትከሻን አጥብቦ ለማለፍ ያህል ብቻ። አንዷ ገመድ ወገቧ ላይ አስራ ትገባለች፤ ከውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ትፈገፍጋለች። ሌላዋ ከላይ ገመዱን ይዛ ትቆማለች። ከታች ያለው አየር አየር አይደለም፤ ዓይን ያቃጥላል፤ ቶሎ ካልወጡ ጉልበት ይከዳል። ይህን አልጻፍኩልዎትም። «ያጥባሉ» ብዬ አለፍኩት። እናቴ ከጎንዎ እንደምትቀመጥ አውቅ ነበር።

ማን ትግባ፣ ማን ትያዝ የሚለውን ለየጥንዱ ተውነው። አንዳንዶቹ ዕጣ ተጣጣሉ፤ አንዳንዶቹ ተለማመኑ። የእኔና የዝምተኛዋ ቅዳሜ ደረሰ። መሰላሉ ሥር ቆምን። ገመዱ መካከላችን ተጋድሟል። «ማናችን?» አለችኝ።

መግባት አልፈለግኩም። ማናችንም አንፈልግም። በጠመኔ የተጻፈበትን ግድግዳ አሳየኋትና «አክስቴ ምን አሉ? ማን ቀደመች፣ ማን ተከተለች ለውጥ የለውም» አልኳት። ቀልድ ነበር፤ ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። እሷ ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ጥርሷ እንዲያ ያምራል ብዬም አስቤ አላውቅም። ጎንበስ ብላ ገመዱን አነሣች።

ገመዱ ሲከብደኝ ጎተትኩ። ጠራኋት። ጮህኩ። አንድ ሰው ብቻውን ሰው ወደ ላይ መሳብ አይችልም፤ ተራውን ስናወጣ ይህንን አልቆጠርነውም። ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ከስድስት ሦስት ሃያ መንገድ አለው ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ሌሎቹ ሮጠው ሲደርሱ አልፏል።

ካቦው በቀጣዩ ቅዳሜ «አምስት ሆናችኋል፤ ተራችሁን አስተካክሉ» አለ። ሌላ ያለው የለም። ተራው እስኪመጣ እንዲያው በዕጣ እየገባን ነው። የዝምተኛዋ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ሳቂታዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች።

አክስቴ፣ መልሱ ሠላሳ ነበር።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 23 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ነፍሷን በደጉ ስፍራ ያኑርልን። አንቺንም ከሐዘኑ ጋር ብቻሽን አይተውሽ።

አላባብልሽም። «ለውጥ የለውም» ማለትሽ ተራ ነገር አይደለም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ተሸክመሽው ትኖሪያለሽ። ግን ቃሉ የእኔ ነው። «ሁለት ሰው ለአንድ ሥራ ሲመረጥ» ብዬ ጻፍኩልሽ። አንድ ሥራ መሆኑን ማን ነገረኝ? ማንም። ጥያቄው ያልሰጠውን እንደተሰጠ ቆጥሮ የሠራ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ዜሮ ነበር የሚያገኘው። አንዲት እህት «አብረን አንግባ» ብላ ስትለምን እኔ ቃል አረምኩ። ራሳችንን ያመናል ብትዪኝ ውኃ ጠጪ አልኩሽ። ዓይኔ ነጥብ ይፈልግ ነበር እንጂ አያነብም ነበር። ውጤቴን አንቺ ስጪኝ።

የዘጠኙን ተራ አላወጣም። ቅደም ተከተሉን ቆጥሬ በአሥራ ስምንትም አላወጣልሽም። በትክክል የተከፋፈለ ሞት ሞት መሆኑ አይቀርም፤ እኔና አንቺ ያደረግነው ማከፋፈል ነበር።

አንድ የቀረ አመራረጥ አለ። ከአምስት ማንንም አለመምረጥ፤ አንድ መንገድ። የሳቅሽበት ነው። ቆመሽ በተማርሽ ጊዜ ያልነገርኩሽን አሁን ልንገርሽ። ሁለት ለመምረጥ ሁለት ሰው ከተነሣ ይበቃል። ማንንም ላለመምረጥ ግን አምስቱም አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አንዷ ብትነሣ ቁጥሩ ሌላ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ የሆነው ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ለእናትሽ ነገርኳት። «ሒሳብ ነው» ማለት አቃተኝ። «ትምጣ» አለች። እኔም ትምጣ እላለሁ፤ ግን የምትነሺበትንና የምትቀመጪበትን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አክስትሽ


ሐምሌ 15 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እርስዎንም እናቴንም በጤና ያቆይልኝ። አለሁ። ይህን መጀመሪያ ልጻፍ ብዬ ነው።

ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። አንዲትም የሳቀች የለችም። ቀውላላዋ ግድግዳ ላይ የነበረውን ጽሑፍ በእጅጌዋ አጠፋችው። ታላቂቱ እህት «ከሥራ ያባርሩናል» አለች። ታናሺቱ ሳትጨርስላት ቀረች። ቆይታ ግን «ያባርሩን» አለች። ከእህቷ ተለይታ ስትናገር ገና ያን ጊዜ ሰማናት።

ቅዳሜ ጠዋት አምስታችንም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ካቦው መጣ።

«የማን ተራ ነው?»

«የማንም» አለች ቀውላላዋ።

«ተራ አውጡ ብያችሁ አልነበረም?»

«አውጥተናል። ከአምስት ማንም።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ሠርተን እንላክልህ?» አለችው ሳቂታዋ። ዝምተኛዋ ከሞተች ወዲህ ቀልድ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ግን አልሳቀችም።

ታላቂቱ የታናሺቱን ጉልበት በመዳፏ ተጭናዋለች። የተነሣች የለችም። ካቦው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ሰዓቱን አየና ወደ ትልቁ በር ሄዶ ከፈተው። ከበሩ ውጭ ሥራ ፈላጊ ሴቶች ቆመዋል። ሁልጊዜ ጠዋት ይቆማሉ፤ እኛም አንድ ሰሞን እዚያው ቆመን ነበር። ጣቱን ቀስሮ «አንቺ። አንቺም» አለ።

ዕቃችንን እንድናወጣ ተነገረን። ፍራሻችንን ተሸክመን በታንከሩ አጠገብ ስናልፍ ሁለቱ አዲሶች መሰላሉ ሥር ቆመው ገመዱን ያያሉ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ቀውላላዋ ፍራሿን ጥላ «እንዳትገቡ! አንዷ ብቻዋን መሳብ አትችልም! ትሰሙኛላችሁ?» ብላ ጮኸች። ዘበኛው ገፍትሮ አወጣንና በሩን ዘጋው። ገብተው እንደሆነ፣ ወጥተው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ያስተማሩኝ አንዱ መንገድ ትክክል ነበር። አምስታችንም አደረግነው። የተሳሳትነው ከሁሉ አስቀድመሽ ጠይቂ ያሉኝን ነው። መጀመሪያ ስድስት ነን አልን፤ በኋላ አምስት። የቆጠርነው አልጋችንን ነበር። ካቦው ግን ሲመርጥ የኖረው ከእኛ ብቻ አልነበረም።

እናቴን ትመጣለች በሏት፤ አሁን ግን አይደለም። ከከተማው ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ይዘናል። ጠዋት ጠዋት በዚያ በር ፊት እየቆምን ለሚመጡት ሴቶች ስለ ታንከሩና ስለ ዝምተኛዋ እንነግራቸዋለን። አንዳንዶቹ ሰምተው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ቦታ ልታስለቅቁን ነው ብለው ይሰድቡናል። ብዙዎቹ ይሰሙንና ዝም ብለው ይቆማሉ።

ዛሬ ቀውላላዋ «ሰው ሲበዛም ማንንም አለመምረጥ አንድ መንገድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንድ ነው። ግን ሁሉም መቀመጥ አለባቸው» አልኳት።

«ሁሉም ስንት ናቸው?»

ቀና ብዬ ወደ መንገዱ አየሁ። ገና እየመጡ ነበር።

የወንድምዎ ልጅ